ጥሬ በቆልት

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አሜሪካ፣ ካሮልተን ከተማ ያለው አፓርታማችን ሊፍት የለውም፤ ቤቴ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መሀል ላይ ስደርስ ፌስታሌን አስቀምጬ፣ ስልኬን የምመለከት መስዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ጎረቤቶቼ "አር ዩ ኦኬ?" እንዳይሉኝ ነው። እንደዚያ ብባል የማለቅስ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ ደሜን አስመርምራ ብረት እንደጎደለኝ ነገረችኝና እንክብል አዘዘችልኝ። እንክብሉን ስጀምር ሆዴ ድርቅ አለ። ሆዴ ድሮም ጠላቴ ነው። ምስር ብበላ ይነፋኛል፣ ዳቦ ብበላ ያቃጥለኛል፣ የሽምብራውን ነገርማ ተዉት። ሥራዬ ደግሞ ቆሞ መዋል ነው። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እሞላለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እገፋለሁ። ሆዴ ሲነፋብኝ የሱሪዬን ቁልፍ ፈትቼ ጃኬቴን በላዩ ላይ እዘጋና እሠራለሁ። ከባሌ ከተለያየን ቆይቷል፤ ልጅ የለኝም። ቤት ስገባ "ምን ሆነሽ ነው?" የሚለኝ ሰው አልነበረም።

መጋዘኑ ውስጥ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ አንዲት የወሎ ሴት አለች። እኔም የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆንኩ ብሬክ ላይ አብረን እንቀመጣለን። አንድ ቀን የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ነጭ ጅራት ያወጣ ምስር ሞልቶበታል። ሎሚ ጨምቃበት፣ ቃሪያ ከትፋበት በማንኪያ ትበላለች።

"በቆልት?" አልኳት።

"በቆልት ነዋ።"

"ጥሬውን?"

"አዎ፣ የድሮ ሰው ይቀቅለዋል። ስትቀቅዪው እኮ ቪታሚኑ ይሞታል። ጥቅሙ ያለው ጥሬው ላይ ነው። እኔ በሱ ስኳሬ ራሱ ወርዶልኛል። ቪዲዮውን እልክልሻለሁ፣ ኦኬ?"

ላከችልኝ። አንዱን ሳይ ሌላው ይከተላል፤ በሳምንቱ ስልኬ ከበቆልት ሌላ ነገር አላሳይ አለኝ። ደረቅ እህል ያለውን ቆልፎ ነው የሚይዘው ይላሉ። ውሃ ጠጥቶ ሲጎነቁል ግን ለሚያበቅለው ተክል ሲል የቆለፈውን ይፈታል። ብረቱን አንቆ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ብረቱን በቀላሉ ያገኘዋል። ሆድ የሚነፋውም ነገር ይቀንሳል። ደረቁ እህል ላይ እዚህ ግባ የማይባለው ቪታሚን ሲ ይጨምራል። ኋላ፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ ይህ አብዛኛው እውነት እንደሆነ ነግረውኛል። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ጀመርኩ። ምስሩን ማታ በብርጭቆ ማሰሮ ዘፈዝፌ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ውሃውን ደፍቼ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አስሬ፣ ማሰሮውን ሰሃን ላይ አዘንብዬ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋትና ማታ አጥባለሁ። በሁለተኛው ቀን የምስሩ ልጣጭ ይሰነጠቅና መርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነገር ብቅ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ስንዴውንም እንዲሁ አጎነቁልና አድርቄ ፈጭቼ ዳቦ እጋግራለሁ። ያ ዳቦ ጣፈጥ ይላል፤ ሆዴንም አያቃጥለኝም።

በአራተኛው ወር ደረጃውን ሳልቆም ወጣሁ። በሬ ላይ ደርሼ ቁልፌን ስፈልግ ነው ያስተዋልኩት። ሐኪሟ ደሜን እንደገና አይታ "በጣም ጥሩ፣ እንክብሉ ሠርቷል" አለችኝ። እውነትም እንክብሉን አላቋረጥኩም ነበር። እኔ ግን ምስጋናውን በልቤ ለበቆልቱ ሰጠሁት። ማስረጃ አልጠየቅሁም። ቀለል ብሎኛል፣ ሆዴ ጸጥ ብሏል፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

ከዚያ ወዲያ ሰባኪ ሆንኩ። ራሱን ላመመው በቆልት፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው በቆልት። ዋይሊ ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር አንድ ዕቃ ሙሉ ይዤ እሄዳለሁ። "ዶሮ አደረግሽን እኮ!" እያለ ይስቃል። ወንድሜ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ያኔ እንሳሳቅ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አባታችን ከኮምቦልቻ መጡ። እናታችን ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ስለነበሩ ወንድሜ ነው የመምጫ ፕሮሰሱን የጀመረላቸው። የወንድሜ ቤት በልጆች ስለሞላ እኔ ዘንድ እንዲቀመጡ ተስማማን። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። አርባ ዓመት በእህል ንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሲመጡ የያዙት አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ናት። ሳሎን በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ፓርኪንጉን ሲያዩ ይውላሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ መኪና አይነዱም፣ እኔ ሥራ ነኝ። "ዛሬ ምን ሠሩ አባባ?" ስላቸው "መኪና ስቆጥር ዋልኩ" ይሉኛል። ቀልዳቸው ነበር። እየቆየ ግን ቀልድነቱ ጠፋ።

በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ኩሽና ውስጥ ማሰሮዎቼን አዩ። ምስሩ ካልጎነቆለልኝ ከአንዱ ማሰሮ ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው በአውራ ጣታቸው ገለባበጡት።

"ይሄ ሞቷል" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ዘሩ ነዋ። ከየት ነው ያመጣሽው? ይሄን ሙቀት መትቶታል። ዓመት ብታጠቢው አይበቅልም። አዲስ ግዢ፣ እኔ መርጬ እሰጥሻለሁ።"

ቅዳሜ አንድ የሕንዶች ሱቅ ወሰድኳቸው። እዚያ በከረጢት የተደረደረውን ምስር፣ ሽምብራና ስንዴ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ሰደው ዘግነው አሸተቱ፣ በጥርሳቸው ሰብረው አዩ። ባለሱቁ መጥቶ ቆመ፤ ሊቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሲያያቸው ቆይቶ ግን ሌላ ከረጢት ከፈተላቸው። ሁለቱ በምልክት ብቻ ስለ ሽምብራ ብዙ ተጨዋወቱ። አባቴ አሜሪካ ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ሲያወሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሳቸው ሆነ። እኔ መጋዘን ስውል እሳቸው ለሶላት ውዱእ ባደረጉ ቁጥር ማሰሮዎቹንም ያጥባሉ። የኔ ጠዋትና ማታ ነበር፤ የሳቸው አምስት ጊዜ ሆነ። በቆልቱ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ገብስም ጨመሩ፣ ባቄላም ጨመሩ። ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ነይ እይው፣ ጅራት አወጣ" ይሉኛል።

ጥሬውን መብላት ግን መጀመሪያ ላይ አሳቃቸው።

"ጥሬውን? ልጄ፣ ጥሬውን የሚበላው እኮ ከብት ነው። እኛ ባቄላውን አጎንቁለን ንፍሮ እናደርገዋለን።"

"አባባ፣ ሲቀቀል ጥቅሙ ይጠፋል። እኔን ያዳነኝ ጥሬው ነው። ይቅመሱት በሞቴ።"

ቀመሱ። ትንሽ አኝከው "ይሁን" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእራት በፊት አንድ ሰሃን አቀርብላቸዋለሁ፤ ሲጨርሱ እስካይ ፊታቸው እቆማለሁ። ጨርሰው ሰሃኑን ይሰጡኛል። "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ።

በሚቀጥለው መስከረም አንገታቸው ሥር እብጠት ወጣ። ትራሳቸው ሌሊቱን በላብ ርሶ ያድራል። የሚለብሱት ሱሪ ሰፋቸው። ምርመራው ረጅም ነበር፤ መርፌ፣ ፎቶ፣ እንደገና መርፌ። የሊምፍ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የነገረን። ይህ ዓይነቱ ለኬሞ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፣ ዕድሜያቸው ቢገፋም ልባቸው ጠንካራ ነው፣ ተስፋ አለን አለ። በስልክ አስተርጓሚ ላምጣላችሁ ሲለኝ "አያስፈልግም፣ እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ" አልኩት። በዚህች መልሴ ኮርቼ ነበር። ሲጨርስ ወፍራም ፎልደር ሰጠኝ። ውስጡ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ምግብ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ገጽ መኪናዬ ውስጥ አነበብኩ፤ አፖይንትመንቶቹ የተጻፉት እዚያ ላይ ነበር። የቀረውን ከሥራ ኦፍ ስሆን አነብበዋለሁ ብዬ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት።

ኦፍ ስሆን ደግሞ ልብስ ማጠብ አለ፣ ገበያ አለ፣ እሳቸውን ይዞ መሄድ አለ። ፎልደሩ ፍሪጁ ላይ ቀረ።

ያኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየኝ። እኔን ከደረጃ ላይ ያነሳኝን ነገር እሳቸውም በደንብ ካገኙት ይድናሉ። በቆልቱን በቀን ከአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ጊዜ አሳደግሁት። የመጋዘን ጓደኛዬም "ካንሰርን ያደክማል ይባላል፣ አብዢላቸው" አለችኝ። ማን እንዳለ አልጠየቅኳትም።

ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ የአባቴ አፍ ቆሰለ። ምላሳቸው ነጭ ሆነ፣ ውሃ እንኳ ያቃጥላቸዋል። ማሰሮዎቹን ማጠብ ግን አልተዉም፤ ግድግዳውን ይዘው ኩሽና ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሰሃኑን ሳቀርብላቸው አልተቀበሉኝም።

"ልጄ፣ ይሄን ነገር ብትቀቅዪውስ? አፌ ቆስሏል።"

"አባባ፣ ከተቀቀለ እኮ ተራ ምስር ነው የሚሆነው። አሁን ነው የሚያስፈልግዎት።"

"እንግዲያስ ጥቂት ላድርገው።"

"እንዲያውም ልፍጭልዎት" አልኩና በሙዝ በማር አድርጌ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። አረንጓዴና ወፍራም ሆነ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት። መጨረሻ ላይ ያለችውን ሳይቀር። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ አጠጣኋቸው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሶፋው ላይ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ አገኘኋቸው። ውጭው ሙቀት ነበር። ቴርሞሜትሩ በፋራናይት መቶ ሁለት አለ፤ ከባድ ትኩሳት ነው። ለወንድሜ ኮል አድርጌ፣ እሳቸውን ደግፌ ደረጃውን አወረድኳቸው። ሰውነታቸው ከልብሳቸው በላይ የሚከብድ አልመሰለኝም።

ኤመርጀንሲ ስንደርስ ካንሰር ሕክምና ላይ መሆናቸውን እንደሰሙ ወዲያው አስገቡን። ከነርሶቹ አንዷ ሐበሻ ነበረች። ደማቸውን እየቀዳች "አባባ፣ አይዞዎት፣ ትንሽ ነው የሚያመው" ትላቸዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እህቴ፣ ሰሞኑን ምን በልተዋል? ማለቴ፣ ጥሬ ነገር? ያልበሰለ እንቁላል፣ ያልታጠበ ሰላጣ?"

"ምንም። እኔ ጤናማ ነገር ብቻ ነው የምሰጣቸው። በቆልት ነው የሚበሉት።"

እጇ ቆመ።

"የተቀቀለ?"

"ጥሬውን። ጥቅሙ እንዳይጠፋ።"

ልጅቷ ሊቆጣ የሚችል ሰው ፊት አልነበራትም። መርፌውን ጨርሳ፣ ጥጡን ለጥፋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። በቆልት የሚበቅለው በሙቀትና በእርጥበት ነው፤ ጀርምም የሚወደው ያንኑ ነው። የዘሩ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ በሦስት ቀን ይራባል፣ በውሃ ቢታጠብ አይወጣም። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ኬሞ የሚወስድ ሰው ግን መከላከያው ወርዷል። ለነሱ ጥሬ በቆልት ክልክል ነው አለችኝ።

"ፎልደሩ ላይ አለ እኮ" አለች መጨረሻ ላይ። "ፎልደር አልሰጧችሁም?"

ወንድሜ ሲደርስ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። መደበቅ እችል ነበር፤ ግን በሳቅ የማውቀው ወንድሜ ስለሆነ ይረዳኛል ብዬ ነው። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

"አፌ ቆስሏል እያሉሽ?" አለኝ።

"ለጥቅማቸው ብዬ ነው።"

"ቀቅዪው ብለውሻል፣ አይደል? ሰው እኮ ውሃ ማፍላት አያቅተውም!"

ወንበር ስቦ በሌላኛው ግድግዳ በኩል ተቀመጠ።

ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኙ። የመጀመሪያውን ሳምንት ማንን እንደሚያናግሩ አያውቁም ነበር፤ አንድ ጊዜ ጤፍ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ መስዬአቸው "ይሄ እርጥብ ነው፣ መልሰህ አስጣው" አሉኝ። ቤት የሄድኩት ልብስ ለመቀየር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ስገባ ማሰሮዎቹ ተደርድረው ነበር፤ የሚያጥባቸው ስላልነበረ ምስሩ ጠቁሮ ይሸታል። ከነማሰሮው ጠቅልዬ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ፎልደሩን ከፍሪጁ ላይ አወረድኩ። ከምግቡ ክፍል ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከጥሬ እንቁላል ቀጥሎ፣ ተጽፏል። ቀላል እንግሊዝኛ ነበር። አንድም የማላውቀው ቃል አልነበረበትም።

ትኩሳቱ ሲለቃቸውና ራሳቸውን ሲያውቁ ልነግራቸው ቆረጥኩ። ከቀትር በፊት ነበር፤ አልጋቸውን በመስኮቱ በኩል ከፍ አድርገውላቸው ሀይዌዩን ያያሉ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩዎት።"

"ማን አለ?"

"ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ጥሬ በቆልት እንዳይበሉ ይላል። እኔ አላነበብኩትም።"

ከንፈራቸው ደርቆ ስለነበር በእርጥብ ጥጥ ነካ ነካ አደረግሁላቸው።

"እኔ እኮ አልወደውም ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"ጥሬውን። ሳር ሳር ይለኛል። አንቺ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ስታይኝ ደስ ይበላት ብዬ ነው የምበላው። ደክመሽ ነው የምትገቢ።"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?"

"ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ። ይቀቀል ብዬሽ ነበር።"

ቁጣ አልነበረበትም። አንድ ሰው የረሳችሁትን ነገር እንደሚያስታውሳችሁ አድርገው ነው የተናገሩት። ከዚያ እጃቸውን እጄ ላይ አሳርፈው ተኙ። ይቅር እንዳሉኝ ሰዎች ይነግሩኛል። እኔም ይቅር አይሉኝም ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ይቅርታ የሚለው ቃል በመካከላችን አልተነሳም፤ እኔ አልለመንኩም፣ እሳቸውም ቂም የያዙ አልመሰሉም፤ እንዲያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ክብደታቸው የልጅ ሆኖ ነበር። ሦስተኛው ኬሞ ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ። ያ ወጣት ሐኪም እብጠቱ ተመልሶ ማደጉን ፎቶው ላይ አሳየን። "አሁን ብንሰጣቸው መድኃኒቱ ራሱ ይገድላቸዋል" አለ። በዚህኛው ቀጠሮ አስተርጓሚ አስጠርቼ ነበር። በስልኩ ውስጥ አንድ የማናውቀው ሰው "ሕክምናው ከዚህ በላይ አይጠቅምዎትም ይላሉ" ሲላቸው አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው "አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" አሉት።

ቤት መጡ። ሥራዬን ለሁለት ወር አቆምኩ። የማስታገሻ ነርስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። የምሠራው ነገር ሁሉ የተቀቀለ፣ ደግሞ የተቀቀለ፣ የተጣራ ነበር። የአጃ ሙቅ ሠርቼ በማንኪያ እሰጣቸዋለሁ፤ ሁለት ማንኪያ ውጠው ፊታቸውን ያዞራሉ። አሁን ቆሜ አላያቸውም። ሰሃኑን ይዤ ወዲያው እነሳለሁ። አንዳንዴ ከኩሽና ሆኜ ውዱእ ለማድረግ ሲሞክሩ እሰማለሁ፤ ውሃ በሳህን አቀርብላቸዋለሁ፤ ታጥበው ሲጨርሱ እንደለመዱት ሌላ የሚያጥቡት ነገር እንዳለ ሁሉ ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። ከዚያ ትዝ ይላቸውና እጃቸውን ይሰበስባሉ። አንድም ቀን ማሰሮዎቹ የት እንደሄዱ አልጠየቁኝም። እንዲጠይቁኝና እንዲቆጡኝ እፈልግ ነበር።

ወንድሜ እሁድ እሁድ ይመጣል። አባቱን ይስማል፣ ጺማቸውን ያስተካክልላቸዋል፣ አብሯቸው ይሰግዳል። ምግብ ሳቀርብለት "በልቻለሁ" ይላል። ልጆቹን ይዞ ሲመጣ ሚስቱ የልጆቹን መክሰስ ከቤቷ ይዛ መምጣት ጀመረች። ለክፋት አይመስለኝም። ግን ዕቃዋን ስትከፍት አየሁ።

አባቴ በመጋቢት አንድ ረቡዕ ጠዋት አረፉ። ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። እንዲጸዳዱ ልረዳቸው ስገባ ትንፋሻቸው ራቅ ራቅ ብሎ ነበር፤ እጃቸውን ይዤ ሸሀዳ አሰማኋቸው፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ለሶላት ስትነቃ የቆየችው ነፍሳቸው በዚያው ቀለል ብላ ወጣች። በዚያው ቀን ወንድሜና ጓደኞቹ አጥበው ከፈኗቸው። መቃብሩ ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ላይ ነው። እኛ ሴቶቹ ከኋላ ቆምን። አፈሩ እርጥብና ጥቁር ነበር።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ያን ሐኪም ልጠይቀው ሄድኩ። ቀጠሮ አልነበረኝም፤ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት።

"እውነቱን ንገረኝ" አልኩት። "በቆልቱ ነው የገደላቸው?"

ፎቅ የሚወጣ ሰው እንደሚያደርገው ቆም ብሎ ተነፈሰ። የተገኘው ባክቴሪያ ሆድ ውስጥ ከሚኖሩት ነው፤ ከምግብ ሊመጣ ይችላል፤ ኬሞው የአንጀትን ግድግዳ ሲያሳሳው ከራሳቸው ሆድም ወደ ደም ሊያልፍ ይችላል። በቆልቱን ማንም አልመረመረም። "አይታወቅም፣ ወደፊትም አይታወቅም" አለኝ። ራስሽን አትውቀሺ የሚሉትንም ነገር ጨመረልኝ።

ብዙ ሰው ይህን መልስ እንደ ምሕረት ያየው ይሆናል። ለኔ አልሆነልኝም። ደሜ ሲስተካከል እንክብሉም ነበረ፣ በቆልቱም ነበረ፤ ያኔ ማንንም ሳልጠይቅ በቆልቱን መረጥኩ። አሁን ኬሞውም ነበረ፣ በቆልቱም ነበረ። ለጥሩው ጊዜ ያልጠየቅሁትን ማስረጃ ለክፉው ጊዜ መጠየቅ አይሆንልኝም። አንዱን የኔ ሥራ ካልኩ፣ ሌላውንም የኔ ሥራ ማለት አለብኝ።

የመጋዘን ጓደኛዬ አሁንም ከማሰሮዋ ትበላለች። ጤነኛ ናት። ስኳሯም ደህና ነው ትላለች፤ አምናታለሁ። ስለ አባቴ ስነግራት አልቅሳለች፤ "እኔ እኮ በቅንነት ነው" አለችኝ። እኔም በቅንነት ነው ያደረግሁት። ከዚያ በኋላ ብሬክ ላይ ሌላ ጠረጴዛ መቀመጥ ጀመርኩ። እሷም አልተከተለችኝም።

ባለፈው ኢድ ወንድሜ ደወለ። ኢድ ሙባረክ አለኝ፣ ኢድ ሙባረክ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሠራሁ፤ ዶሮም ሥጋም፣ ለትንሿ ልጅ የምትወደውን ሩዝ። ከምሽቱ በፊት "ትራፊክ በጣም ነው፣ ሌላ ቀን" የሚል ቴክስት መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ከደንኩ። በማግስቱ ሥራ ስለነበረኝ የቻልኩትን ያህል በዕቃ አድርጌ መጋዘን ወሰድኩት። ከሌላው ዲፓርትመንት የሆኑ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በሉት። ጥሩ ነው አሉኝ።